ቅስቱ ላይ የሰቀልኩት ቱንቢ

ውድ ሲራጅ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልህ ሰው ፈልግ። ማንም ቢሰማው አላፍርም፤ ያዋረድኩህም በሰው ፊት ነው።

ከጊዮርጊስ በታች በምንገነባው የእምሩ ሱቅ፣ ያ የፈረሰው የበሩ ቅስት እንደገና ቆሟል። መደገፊያ እንጨቱ ግን ከሥሩ አልተነሳም። አላነሳውም ብያለሁ።

ያን ዕለት ኖራው እንዳልደረቀ አይቼ ቱንቢዬን ቅስቱ ላይ ሰቀልኩና ወደ ድንጋይ ጠራቢዎቹ ወረድኩ። ስመለስ እንጨቱን አንስተኸዋል። ቅስቱ ተናደ፤ ድንጋዩ ለጥቂት ሳተህ። አቧራው ከትከሻህ ሳይራገፍ ጮህኩብህ።

«ዓይን የለህም? ቱንቢው ተሰቅሏል እኮ!»

«ስለተሰቀለ እኮ ነው፣ ጋሼ!»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። የቀለድክብኝ መሰለኝ። «የአራዳ ቀልድህን ውቤ በረሃ ሄደህ አውራ!» ብዬ አባረርኩህ። መዶሻህን እንኳ ሳታነሳ ሄድክ።

ትናንት ከዲጃ መዶሻህን ልትወስድ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ባሌን ሥራ ያስተማሩት አባቱ ናቸው» አለችኝ። «እሳቸው ወሎ ሲገነቡ ቱንቢያቸውን ሰቅለው ከወረዱ፣ ለክቻለሁ፣ ቀጥ ብሏል፣ ቀጥል ማለታቸው ነበር። እርስዎ ሲሰቅሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ ነግረውት ያውቃሉ?»

ነግሬህ አላውቅም። እኔ ባደግኩበት ሥራ ቱንቢ የተሰቀለበትን ግንብ ማንም አይነካም። ይህን ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር። እኔን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም፤ አይቼ የለመድኩትን ሌላውም አይቶ ይወቅ እላለሁ።

አንተም ግን አልጠየቅኸኝም። ቁጣዬን ፈርተህ ከሆነ፣ ቁጣዬ ራስ አይፈነክትም፤ ድንጋይ ነው የሚፈነክተው።

ዛሬ ጠዋት እምሩ መጣ። «እስከ ቅዳሜ እንጨቱን ካላነሱ እርስዎንም አስወጥቼ ሌላ ግንበኛ አመጣለሁ» አለኝ።

«ሲራጅ ሳይመጣ አይነሳም።»

«የተባረረ ሰው ይጠብቃሉ?»

«ያባረርኩት እኔ ነኝ። የምመልሰውም እኔ ነኝ።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እሱም እንደ እኔ ግትር ነው፤ ያለውን ያደርጋል።

ወደ ወሎ ልትመለሱ ጓዝ እያሰራችሁ መሆኑን ከዲጃ ነግራኛለች። ከመሄድህ በፊት ና። ኖራው ደርቋል። አንተ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ሆነን እንጨቱን እናውጣ። ቱንቢውን የትም አልሰቅለውም፤ በእጄ ይዤ እጠብቅሃለሁ። አንድ ድንጋይ ሳንነካ በፊት አንተ የአባትህን ደንብ ትነግረኛለህ፣ እኔም የእኔን እነግርሃለሁ።

መዶሻህን ለከዲጃ አልሰጠኋትም። ራስህ መጥተህ ውሰድ።

ግንበኛው ገብረአብ