በቼዲ አፍ የተገኘው ቅጠል

ይድረስ ለልጄ ለሁላሲ፣ ሱራት ከተማ።

እንዴት ከርመሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? ሚስትህ ፉልማቲስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ ፊደሌ ቢወላገድም ለሰው አላስጻፍኩትም።

ጓደኛዬን ቼዲን ነብር በላው። ጎርፍ አብዛኛውን ሸንኮራ አገዳውን ከወሰደበት ወዲህ ቤታቸው እሳት የሚነድደው ቀን እየዘለለ ነበር። "ጉርዲን፣ እኔና አንተ እህል ከመጨረስ በቀር ምን እንረባለን? ነብር እርሻችን ላይ ቢበላን እኮ መንግሥት ለልጆቻችን ካሳ ይከፍላል" ይለኝ ነበር። እኔም "አንተን አጥንት የትኛው ነብር ይነካሃል!" እያልኩ እስቅበት ነበር። ያ ሳቄ አሁን ያንገበግበኛል። ማክሰኞ ጠዋት ሳይሰናበተኝ ጫካ ገባ።

ሐሙስ ልጁ ሌክራጅ ሬሳውን አገኘና ጠራኝ። ጫካ ውስጥ ለሞተ ካሳ የለም። ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልለን፣ ለሁለት ተሸክመን እርሻው ላይ በተረፈው አገዳ መሀል አስተኛነው። ሌክራጅ የጫካ ጠባቂዎቹን ሊጠራ ሲሮጥ እኔ ከቼዲ ጋር ቀረሁ። አፉ ተከፍቶ ነበር። ልጄ፣ እናትህን እንደሸኘኋት ከቤት የያዝኩትን የተቀደሰ የጋንጀስ ውሃ ጠብ አደረግሁለት፤ ለሟች የሚደረገውን የቱልሲ ቅጠል ምላሱ ላይ አኖርኩለት፤ ራሱንም ወደ ሰሜን መለስኩት። እንደ ውሻ ይሂድ እንዴ?

የጠባቂዎቹ አለቃ ጎንበስ ብሎ አየውና "ነብሩ ሃይማኖተኛ ነው መሰለኝ፤ ገድሎ ገንዞታል" አለ። ከዚያ የደሙን ፍንጣቂ ተከትለው ጫካ ድረስ ሄዱ። ካሳው ቀረ። ሌክራጅንም አባቱን ለነብር ነድቶ ሰጠ ብለው አሰሩት። ሚስቱ ደጄ ላይ ቆማ "አባባ፣ አማቴ ለእኛ ብለው ሞቱ፤ እርስዎ ለእሳቸው ብለው እኛን ቀበሩን" አለችኝ።

ሰኞ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ። ቼዲን ማንም አልነዳውም፣ ሬሳውን የተሸከምኩትም የገነዝኩትም እኔ ነኝ ብዬ ቃሌን በጣቴ አሻራ ሳይሆን በፊርማዬ እሰጣለሁ። ታናሽህ "አባዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ፤ አንተንም ያስሩሃል" ይለኛል። ይሰሩኝ። አንተም ልታስቀረኝ ብለህ እንዳትመጣ። ሌክራጅን ፍቱልኝ ብዬ እለምናለሁ እንጂ ለቅጠሉ ይቅርታ አልጠይቅም።

ፉልማቲን ሰላም በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ትምህርቷን እንዳትተው ንገራት፤ ትንሹን ግንባሩን ሳምልኝ። ታናሽህና ሚስቱ ሰላም ይሉሃል። ቼዲም ደብዳቤ በጻፍኩ ቁጥር "ከእኔም ሰላም ጨምርበት" ይለኝ ነበር።

አባትህ ጉርዲን
ማቲያ ፑርዋ፣ ፋልጉን ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን