ግሱን የበላብን ኔትወርክ

ይድረስ ለተከበሩ የስልክ አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? መቼም ከወንበርዎ ሳይነሱ፣ አንገትዎን በመስኮት ሳያወጡ፣ ክንድዎንም ወደ ጣሪያ ሳይዘረጉ ከፈለጉት ሰው ጋር እንደሚነጋገሩ ስለማምን፣ ወገብዎና ጉልበትዎ ከእኛ ቤት ሰዎች በእጅጉ የተሻለ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ አልጠራጠርም። ይህንኑ ጤና እንዲያበዛልዎ እየተመኘሁ፣ በአንድ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴና ከታናሽ እህቴ ጋር የምኖር የቋንቋ አስተማሪ፣ ድርጅትዎ ለዋለልን ውለታ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ የቤት ስልካችንን ሊነቅሉ የመጡት ባለሙያዎ ላሳዩን ጨዋነት እናመሰግናለን። ጫማቸውን ጠርገው ገቡ፤ መተላለፊያው ላይ ከነዳንቴሉ የተቀመጠውን ስልክ አንስተው በሁለት እጃቸው ለአባቴ አስረከቡ፤ ገመዱን ግን ከግድግዳው ላይ ልጠው፣ ጠቅልለው ወሰዱት። አባቴ "ምን አጠፋን?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ "ምንም አላጠፋችሁም አባባ፤ በሰፈሩ የቀረው መስመር የእናንተ ብቻ ሆኖ ነው። ደግሞስ ሁላችሁም ሞባይል አላችሁ አይደል?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አለን። ሞባይሉ የሚሠራበት ቤት ነው የሌለን።

ሁለተኛ፤ ከፊታችን አንድ ረጅም ሕንጻ ከቆመ ወዲህ፣ ኔትወርክ ወደ እኛ ዘንድ የሚገባው በሁለተኛው ፎቅ የደረጃ መታጠፊያ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ስለሆነ፣ የሕንጻው ነዋሪ ሁሉ ጉዳዩን የሚጨርሰው እሷ ሥር ቆሞ ነው። ድርጅትዎ "ሰውን ከሰው እናቀራርባለን" እያለ ሲያስተዋውቅ እንደ ማጋነን እቆጥረው ስለነበር፣ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሦስተኛው ፎቅ ነጋዴ ከወንድሙ ጋር በምን እንደተኳረፈ ዛሬ ከሚስቱ እኩል አውቃለሁ። ድምፁ ሦስት ወለል ስለሚሻገር "ሹክሹክታ" ብለን የሰየምነው ጎረቤታችን አማቱን በስልክ ሲያማ፣ አማቱ ከኋላው ተራ ይዘው ቆመው ነበር። በሯ ከመስኮቷ ፊት ለፊት የሆነው ልብስ ሰፊያችንም፣ ደዋይ በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናዋን ታቆማለች፤ ለጨዋነት ነው ትላለች።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ረዘም ስለሚል፣ ክቡርነትዎ ሻይ አስመጥተው ቢያነቡት እመርጣለሁ።

እህቴ ነርስ ናት። የምትወደው ሰው የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ አባቱ ደግሞ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ክብራቸው ስስ የሆነ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። የእኔ አባት ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሲያዳምጡ ጆሯቸው የደከመ መካኒክ ናቸው። ልጆቹ ለመጋባት ሲስማሙ፣ ዳኛው ራሳቸው ለአባቴ ደውለው ሊጠይቁ ወሰኑ፤ ሾፌሩም ነገሩ አለቀ ብሎ ጭነቱን ይዞ ወደ ጠረፍ ወጣ።

በቀጠሮው ቀን አባቴ ተላጭተው፣ ክራባት አስረው፣ እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ደግፈናቸው ወደ መስኮቷ ወረዱ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ጎረቤቶች ጉዳዩን ሲሰሙ ወዲያው ቦታውን ለቀቁልን፤ ከደረጃው ላይ ግን ንቅንቅ አላሉም። ስልኩ ጠራ። ዳኛው በወጉ ጠየቁ። አባቴም ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰናዱ የሰነበቱትን መልስ በሙሉ ድምፃቸው ጀመሩ፦ "ክቡር ዳኛ፣ እኔ ሰውን እንደ ሞተር በድምፁ ነው የማውቀው፤ የልጅዎም ድምፅ አልጠፋኝም። እንግዲህ ልጅዎ ለልጄ ባል ይሆን ዘንድ ያቀረቡትን ጥያቄ፣ እኔም ቤተሰቤም ተመካክረንበት፣ ያለ አንዳች ማመንታት..."

መስመሩ እዚህ ላይ ተቋረጠ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ቋንቋችን ግሱን ለመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ሰው የሆዱን ሁሉ ደርድሮ ሲያበቃ፣ ይውደደው ይጥላው የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ዓመታት ደክሜያለሁ፤ ድርጅትዎ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ቤተሰብ አስተማረልኝ።

አባቴ መቋረጡን አላወቁም። "ተቀብለነዋል" አሉና ለሞተው ስልክ ረጅም ምርቃት መረቁ። ደረጃው ሁሉ አጨበጨበ። ወደ ላይ ስንወጣም፣ "አየሽ ልጄ፣ አንዴም ሳያቋርጡኝ አዳመጡኝ፤ ዳኛ ማለት እንዲህ ነው" አሉኝ። በዚያኛው ጫፍ ዳኛው ደጋግመው ቢደውሉ፣ ያቺ የድርጅትዎ ጨዋ ሴት "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" አለቻቸው። እሳቸውም በንግግር መሐል ስልክ ተዘጋብኝ አሉና፣ የጎደለውን ግስ ራሳቸው ሞሉት።

ቀናት አለፉ። አባቴ "ምነው፣ አመሰግናለሁ እንኳ አይባልም?" እያሉ መከፋት ጀመሩ። ሾፌሩ ኔትወርክ ያለበት ከተማ ሲደርስ ለአባቱ ደውሎ እምቢ መባሉን ሰማና፣ ለእህቴ "የአባትሽን ውሳኔ አከብራለሁ" የሚል መልእክት ላከላት። እሷ ምስኪን ከተረኝነት ወጥታ፣ መስኮቷ ሥር ቆማ አነበበችውና "እኔም እንዳንተው ነው፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!" ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልጻፈም፤ ብትደውልም አያነሳም። ቀስ በቀስ ምግብ ተወች። ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤት ሳትወጣ፣ ነጭ ጋዋኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ትቀመጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋም ሆነች ሹክሹክታ አንድም ቀን ምን ሆንሽ አላሏትም፤ ተራቸውን ብቻ ይለቁላት ነበር። ይህን ስጽፍ ለቀልድ አልሆን ስላለኝ ይቅር ይበሉኝ።

በመጨረሻ ዳኛው ራሳቸው መጡ፤ የመጡት "ሰው በሰው ላይ ስልክ አይዘጋም" ሊሉን ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊዋን "የመካኒኩ ቤት የትኛው ነው? የሾፌሩ አባት ነኝ" ቢሏት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች "ውይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ክቡር ዳኛ! የሙሽራዋን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነኝ" አለቻቸው።

"በምኑ ነው ደስ የሚለኝ?"

"እንዴ፣ ተቀብለነዋል ሲሉ እዚሁ ቆመን ሰማን እኮ።"

ዳኛው የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። "ማን ማን ሰማ?" አሉ፤ የዱሮው ሥራቸው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። በሮች ተከፈቱ። ምስክሮች አንድ በአንድ ቃላቸውን ሰጡ፤ ሹክሹክታ ተራው ሲደርስ "ተቀብለነዋል! ነው ያሉት!" ብሎ የመሰከረውን እኛ አምስተኛ ፎቅ ላይ በሩ እንደተዘጋ ሰማነው። አባቴ በነጠላ ጫማቸው እየሮጡ ወረዱ፤ ዳኛው እያለከለኩ ወጡ፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ተገናኙ።

"እስቲ አሁን በአፍዎ ይንገሩኝ" አሉ ዳኛው።

አባቴ በዚህኛው ጊዜ ከግሱ ጀመሩ።

እህቴ ማታ ከሥራ ስትገባ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሶፋችን ላይ ተደግፈው ስለ ናፍጣ ሞተር ሲከራከሩ አገኘቻቸው። ማንም ምንም ሳይነግራት በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለሾፌሩ የምሥራቹን ለማድረስ ግን የሚቀጥለው ከተማ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረብን፤ ለዚህች ተጨማሪ ናፍቆትም ድርጅትዎን እናመሰግናለን። ሠርጉ ተቆርጧል። ጥሪውን በእግራችን እየዞርን እናድላለን።

የጊዜዎን ውድነት እያወቅሁ ይህን ያህል ያስቆምኩዎት፣ ቢያንስ እርስዎ የተቀመጡ ስለሆነ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይቋረጥ ምስጋና ጋር፣
አሁንም ታማኝ ደንበኛዎ፣
የአምስተኛው ፎቅ አስተማሪ

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ሁሉ ጽሑፍ እርስዎን ከማድከም በቃል ላስረዳ ብዬ ወደ ቅሬታ ክፍልዎ ደውዬ ነበር። ቁጥሩ የቤት ስልክ ቁጥር ሆኖ አገኘሁት። ያነሳ ሰው ባይኖርም፣ ሙዚቃው ጥርት ብሎ፣ አንዴም ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ተሰማኝ። ክቡርነትዎ፣ ገመዱን ከየት አገኛችሁት?