የግራው ብራኬት

ሰኞ፣ ኡራን

የትራክተሩ ሎደር፣ ከፊቱ አፈር የሚያነሳው ክንድ፣ ዛሬም ግራ በኩል አንኳኳ። ባዶውን ሲነሳ ዝም ነው። ባኬቱ፣ ማፈሻው፣ ደለል ሞልቶ ከመሬት ሲለቅ ግን «ቋ» ይላል። ጠዋት ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁት። ከሰዓት በኋላ ተውኩት፣ ሥራው ይበልጣል ብዬ።

ኩሬው ከላይ እንደ ሸክላ ደርቋል፣ ከሥር ገና ጭቃ ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ደለሉ ካልወጣ የሚመጣው ውኃ መግቢያ የለውም። እኔ በትራክተሩ መሃሉን አወጣለሁ፣ የአካባቢው ሰዎች ጠርዝ ጠርዙን በአካፋ ይቆፍራሉ።

አመሻሽ ላይ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለባሌ ደወልኩ፤ ወንድሙ ነው ስሙ። ኔትዎርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«ግራሶ ሰጥተሽዋል?» አለኝ ወንድሙ።

«በየጠዋቱ።»

«እንግዲያው አሮጌ ስለሆነ ነው። ከሥሩ እንዳትገቢ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ስለ ሎደሩ ስናወራ መጨረሻችን ሁልጊዜ ይኸው ነው። አምና የመጋጠሚያው ብረት፣ ፒኑ፣ ተበጥሶ የሎደሩ ክንድ እግሩ ላይ ወደቀ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሞያሌ ካለው ግቢያችን በር አልፎ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ ክራንቹን አልጋ ሥር ይገፋዋል። ትራክተሩን እንሽጠው ሲል እኔ እነዳዋለሁ አልኩት። እሺም እንቢም አላለኝም።

ማክሰኞ

ድንጋይ መታሁ። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ትልቅ ድንጋይ ነው፣ የባኬቱን ግራ ጥግ አገኘው። ትራክተሩ በአንድ ጎኑ ዞረ፣ እኔ በደረቴ መሪው ላይ ተደፋሁ። ወርጄ አየሁ። ዘይት አይፈስም፣ ቱቦዎቹ ደህና ናቸው። ቀጠልኩ።

ቃበሌ፣ የማድርበት ቤት ባለቤት፣ የግመል ወተት ይዛልኝ መጣች። ጾም ነኝ አልኳት። «ወተት ሥጋ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ወተት የሌለው ሻይ አፈላችልኝ፣ ለማካካስ ነው መሰለኝ ስኳሩን አበዛችው።

ደረቴን ያመኛል። ማንኳኳቱ ብሷል።

ረቡዕ

ዛሬ ሥራ ሳልጀምር በደንብ ላየው ወሰንኩ። ደልዳላ ቦታ አቆምኩት፣ ባኬቱን መሬት አስነካሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ከፊቱ ራቅ ብዬ ቆምኩ። የባኬቱ ከንፈር በቀኝ በኩል መሬት ይዟል። በግራ በኩል እጄን የሚያሾልክ ክፍተት አለ።

ጭቃውን በቢላዋ ፋቅኩት። ክንዱን ከትራክተሩ ወገብ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ብረት፣ ብራኬቱ፣ ወደ ውጭ ተጣሟል። በብሎኖቹ ዙሪያ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ዝገት ወጥቷል። አንዱን ብሎን በጣቴ ብነካው ዞረ። የፒኑ ቀዳዳ ክብነቱ ቀርቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል። ይሄ የትናንት ድንጋይ ብቻ አይደለም። ሲበላ ከርሟል፣ ድንጋዩ ጨረሰው።

ሥራ አቆምኩ።

የኩሬው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ጃርሶ መጡ። አማርኛን የለመዱት ከብት ይዘው ወዲያ ማዶ፣ ወደ ኢትዮጵያ፣ ሲመላለሱ ነው። ሴትና ወንድ አይለዩበትም፣ እኔን «አንተ» ነው የሚሉኝ።

«ለምን አቆምክ? ትናንት ይሠራ ነበር።»

«ትናንትም ተበላሽቶ ነበር፣ እኔ አላየሁትም እንጂ።»

«ዝናቡ አንተን ይጠብቃል?»

ወደ ኩሬው አሳየኋቸው። ቃበሌና ሌሎቹ ሴቶች ባኬቱ በሚመላለስበት በኩል ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ። «ኦቦ ጃርሶ፣ ይሄ ቢላቀቅ የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው። የባሌን እግር ያየ ሰው እንዲህ ያለውን አይነዳም።»

ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ከኋላዬ አንዱ በቦረንኛ «ወንድ ቢነዳው ኖሮ አይቆምም ነበር» አለ። ቋንቋውን አትሰማም ብሎ ነው። ሞያሌ ተወልጄ ቦረንኛ እንዴት አልሰማም?

ወንድሙ በስልክ፣ «በሰንሰለት እሰሪውና ቀስ ብለሽ ሥሪ» አለኝ።

«አላደርገውም።»

«አንቺ ነሽ ስለ ሎደር የምትነግሪኝ?»

«አዎ። ብረቱን ያየሁት እኔ ነኝ።»

ድምፁ ተለወጠ። «የግራና የቀኙን ብራኬት ፈትተሽ አምጫቸው። ደህናው ለመለኪያ ይሆናል።»

ሎደሩን በመቆሚያ እግሮቹ አቁሜ በድንጋይ አስደገፍኩት። ብሎን ስፈታ ቁልፉን ከእኔ ጋር የሚጎትቱት ሴቶቹ ነበሩ። ዘንድሮ እንደዛሬ ክንዴ ዝሎ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ሞያሌ

ፍየል በጫነ ሎሪ መጣሁ፣ ብራኬቶቹን በጆንያ እግሬ ሥር አድርጌ። በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ፣ ወደ በያጁ፣ ፉንዲ ወደሚሉት ሳላድ።

ሳላድ የተጣመመውን አገላብጦ አየና፣ «አግለን በመዶሻ እናቃናዋለን። አሁኑኑ ይደርስልሻል» አለ።

ልቤ አልወደደውም። ለወንድሙ ደውዬ አገናኘኋቸው። ሁለቱ በስዋሂሊ ተጨቃጨቁ። የተቃና ብረት እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ይታጠፋል፣ ከወፍራም ላሜራ አዲስ ይቆረጥ ነው የወንድሙ ነገር። ሳላድ በመጨረሻ ሰለቸውና፣ «እንግዲያው ራስህ መጥተህ አሳየኝ» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ወንድሙ ዘግቶታል።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፣ በሳላድ ይሁን በወንድሙ አላውቅም። እንዲያቃናው እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላ ወንድሙ ተቀምጧል፣ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ። የተጫማው የቤት ነጠላ ጫማውን ነው። ባለሱቆቹ ወጥተው አዩት፣ እሱ ማንንም አላየም። ልደግፈው ተነሳሁና ተውኩት። በራሱ ወረደ።

«ላሜራው የታለ?» አለ።

ሳላድ ወንበር ሰጠው። ወንድሙ ደህናውን ብራኬት ገልብጦ ላሜራው ላይ አስተኛና ዙሪያውን በምስማር ጫረ። ቀዳዳዎቹ በእሳት ሳይሆን በመሰርሰሪያ እንዲበሱ አዘዘ። ሳላድ አጉረመረመ፣ ግን ሠራው። እኔን የረሱኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ።

ዓርብ

መብራት የለም። መሰርሰሪያው ቆሟል፣ አንዱ ብራኬት ገና ነው። የቀኙም ቀዳዳ መበላት ጀምሯል ብሎ ወንድሙ ሁለቱም አዲስ ይሁኑ አለ። ልክ ነው፣ ግን ቀኑ እየሄደ ነው።

በሰሜን በኩል ደመና አለ። ኦቦ ጃርሶ ደወሉ። «እዚህ ሰማይ ጠቁሯል። አንተ የት ነህ?» እመጣለሁ አልኳቸው። መቼ አላሉኝም። እንደማያምኑኝ ገባኝ።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሲመሽ ሁለቱም ደረሱ፣ ከአዲስ ፒንና ከአዲስ ብሎን ጋር። ጠዋት በመጀመሪያው ሎሪ እሄዳለሁ አልኩ። ወንድሙ ሻዩን እያማሰለ፣ «ከሾፌሩ ጎን ቦታ ይኖራል?» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኡራን

መንገዱ እግሩን አሠቃየው። በየጉድጓዱ ጥርሱን ይነክሳል። ልመለስ አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ብራኬቶቹን ገጠምናቸው። እሱ ከበርጩማ ላይ ሆኖ ይናገራል፣ እኔ አጠብቃለሁ። ከዚያ ባኬቱን ሞልቼ ልሞክር ስነሳ ክራንቹን አነሳና ራቀ፣ የኩሬው ግድብ ድረስ። ሎደሩ ሲነሳ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሎደሩ ግን ምንም አላንኳኳም። አወረድኩት፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጠበቅኩት።

ቆይቶ መጣ። ባኬቱ መሬት መንካቱን ሁለቴ አየ። ከዚያ እጁን ግራው ብራኬት ላይ አሳረፈ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ ወደ ቀኝ ዞሮም እንዲሁ።

ኦቦ ጃርሶ ከኋላችን ቆመው ያያሉ። «ሚስትህ ሥራ አስቆመ» አሉት።

«እኔ ብሆን አላቆምም ነበር» አለ ወንድሙ። «እንዲህ የሆንኩት ለዚህ ነው።»

ኦቦ ጃርሶ እግሩን አዩ። ከዚያ ሴቶቹን ጠርተው፣ ባኬቱ ሲሠራ ማንም በዚያ በኩል እንዳይቆፍር አዘዙ።

እሑድ

ሰንበት ነው፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሠራሁ። ቀትር ላይ አቁሜ ፈተሽኩ። አንድ ብሎን ትንሽ ላልቷል፣ አጠበቅኩት። ብራኬቶቹ አልተነቃነቁም። የባኬቱ ከንፈር በሁለቱም በኩል እኩል መሬት ይዟል።

መሃሉ አልቋል። የምሥራቁ ጥግ ቀርቷል፣ ድንጋያማው። ደመናው ከትናንት ወርዷል፣ ነፋሱ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ዝናቡ ነገ እስከ ማታ ከታገሠን እንጨርሳለን። ካልታገሠን አላውቅም።

ወንድሙ እግሩ አብጧል። ወደ ሞያሌ የሚመለስ ሎሪ ቆሞ ስለነበር፣ «ቤት ልላክህ?» አልኩት።

በክራንቹ ጫፍ ጭቃውን እየወጋ ድንጋይ ይፈልግልኝ ነበር። ቀና አላለም።

«ሥራው ሳያልቅ?»