ሃያ ሦስት ሰዓት ላይ «ቀሪ» ስለተባለችው እህቴ

ለተከበሩ የፈተና ጥሪ ክፍል ኃላፊ፣
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የባሮ ትንኝ እኛን እንጂ እርስዎን እንዳይደፍር እየተመኘሁ፣ እኔ ሬዲዮ ጠጋኙ ዕዝራ ወንዳፈረው ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ክልላችን የራሱን ምክር ቤት ባቆመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ጋር እኩል ሰዓት እንዲቆጥር ስላደረጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እህቴ ሺታዬ ለነርስነት ሥልጠና እንድትፈተን የደረሳት ጥሪ «በ14፣ በ23 ሰዓት» ይላል። ከሰፈራ መንደራችን ግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ እኔ ዘንድ አደረች፤ ከሃያ ሦስት አሥራ ሁለት ሲቀነስ አሥራ አንድ ነው ብላም በ14 ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት በርዎ ላይ ቆመች፤ ማንም የለም። ከሰዓት በኋላም በአሥራ አንድ ሰዓት ተመልሳ ቆመች፤ አሁንም ማንም የለም። ዘበኛው አቶ ኦቻላ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ በሃያ ዓመት ዘበኝነታቸው ሃያ ሦስት ሰዓት የሚባል በዚህ ሲያልፍ እንዳላዩ ነግረው ሸኟት። በ15 ጎህ ሲቀድ ወደ መንደሯ ተመለሰች። ፈተናው በዚያው ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተሰጠ! የከተማው ልጆች ጠዋት የተለጠፈውን ማስታወቂያ አይተው ሲፈተኑ፣ እሷ «ቀሪ» ተባለች።

ሁለተኛ፤ ባለሙያዎ አቶ ዱዋል ስክሪፕት የሚሉትን የኮምፒውተር ትእዛዝ ገልጠው አሳዩኝ። ጸሐፊዋ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት «2:00» ብላ ትመታለች፤ ኮምፒውተሩ የእኛን አቆጣጠር የት ያውቅና፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይመስለዋል። ትእዛዙ ውስጥ ደግሞ «ዩቲሲ» የምትል ሦስት ፊደል አለች፤ የዓለም ሰዓት ማለት ነው አሉኝ፤ እሷም በፈንታዋ ሦስት ሰዓት ትቀንሳለች። የዓለም ቀን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራልና ከሁለት ላይ ሦስት ሲቀነስ፣ ጉድ በሉ፣ የትናንት ሃያ ሦስት ሰዓት ይሆናል! ሦስቷ ፊደል ብትሠረዝ የገባው ሁለት፣ ያው ሁለት ሆኖ ይወጣ ነበር። አቶ ዱዋልም አልካዱም፤ ኃላፊው ዓለም አቀፍ ይሁን ስላሉ አልነካትም አሉ እንጂ። እውነታቸውን ነው፤ ለአንዲት የገበሬ ልጅ ተብሎ ዓለምን ማስቀየም አይገባም።

ሦስተኛ፤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎ ስሕተቱ የሰዓቱ ሳይሆን የሕዝቡ መሆኑን፣ ሕዝቡም መሠልጠን እንዳለበት በትዕግሥት አስረድተውኛል። እህቴ እኮ ልሠልጥን ብላ ነው የመጣችው!

አራተኛ የለኝም፤ ተናድጃለሁ። ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል። ልጅቷ ሁለት ዓመት በኩራዝ አጥንታለች። አንድ ወረቀትና አንድ ወንበር ይስጧት፤ ብትወድቅም በራሷ ትውደቅ።

ዓለም አቀፍ ከፍታዎን ከአቧራማው ሰፈሬ አንጋጥጬ የምመለከት፣ ሰዓቴን ከፀሐይ የምቀበል ታዛዥዎ፣
ዕዝራ ወንዳፈረው
1994 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ለእህቴ አቤቱታ የሰጡት መልስ ደረሰን። አቤቱታዋን ያስገባችው በ20 ጠዋት ነው፤ «አይቻልም» የሚለው ደብዳቤዎ በዚያው ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ቢመታም፣ ኮምፒውተሩ ያተመበት ቀን ግን 19 ይላል። ገና ሳትጠይቅዎ እምቢ እንዳሏት እኛም ጠርጥረን ነበር፤ በማኅተም ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን።