የሜፕላችን እንቅልፍ

ውድ አባይነሽ፣

ሰላምታዬን የት እንደምልክልሽ አላውቅም። ቢሆንም ዕድሜውን ሙሉ ለተማሪ ሲያስረዳ የኖረ ሰው፣ አንድ ነገር ላንቺ ሳያስረዳ መቀመጥ አልቻለም። ስለ ሜፕሉ ዛፍ ነው።

ዘሩን አረካ እርሻ ምርምር ይሠራ የነበረው ተማሪዬ ከውጭ አምጥቶ የሰጠኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣበቁ ባለክንፍ ፍሬዎች። ብርድ ካላገኘ ስለማይበቅል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት።

«መምህር፣ ቅቤዬ አጠገብ ምንድን ነው የቀበርከው?» አልሽኝ።

«የአገሩን ብርድ እየሰጠሁት ነው።»

«እንግዲያው ጋቢም ደርብለት።»

ከበቀሉት አንዱ ብቻ ተረፈ። እኔ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት መውጣታቸውን ሳሳይሽ፣ አንቺ ከእንሰቱ ፍግ ቀንሰሽ ትሰጪው ነበር። የዕፅዋት አጥኚዎች ምደባውን ለውጠው ከክትክታ ቤተሰብ እንዳስገቡት የነገርኩሽ ዕለት፣ «እዚህም ዘመድ አለው ለካ» ብለሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሽ።

በየበጋው ቅጠሉን ሲያራግፍ ጎረቤታችን ኤርካሎ በአጥሩ ላይ ብቅ ይል ነበር።

«እትዬ አባይነሽ፣ ይሄን ሬሳ መቼ ነው የሚቀብሩት?»

«ተኝቷል እንጂ አልሞተም።»

«እንደ ኢያኢሮስ ልጅ?» ይልና ይስቃል። ልጡን በጥፍርሽ ፍቀሽ አረንጓዴውን ስታሳዪው እንኳ አላመነሽም።

ያረፍሽው በጥር ነው። ሜፕሉ ራቁቱን ነበር። እኛ ለቀብር ስንወጣ ኤርካሎና የእድሩ ሰዎች ድንኳን ለመትከል ቀሩ፤ ግቢው ጠበባቸው። የደረቀ የመሰላቸውን ዛፍ ቆርጠው ለለቀስተኛው ምግብ ማብሰያ ፈለጡት።

ስመለስ ግቢው በጭስ ታፍኗል። እንጨቱ ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ አልነድ ብሏል።

«ይሄ ምን ዓይነት ደረቅ ነው?» አለች እህትሽ ዓይኗን እየጠረገች። «ውስጡ ውሃ ነው እኮ።»

መቃብርሽ ላይ ያልወጣ እንባ እዚያ መጣብኝ። ኤርካሎ ክንዴን ይዞ፣ «ጭሱ ነው ጋሼ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉ» አለኝ።

ሜፕል ከጉቶው ሊያቆጠቁጥ ይችላል። እስከ ሰኔ ጠበቅሁ። የኛ አላቆጠቆጠም።

በዚያው ሰሞን ኤርካሎ ከገበያ የግራቪሊያ ችግኝ ይዞ መጣ። «ቦታው ባዶ ሆኖ ሳየው እትዬ ይታዩኛል። መታሰቢያቸው ይሁን» አለ። ጉቶውን ራሱ ነቅሎ፣ ራሱ ተከላት።

ምን ልበለው? የተሳሳተን ማረም ሥራዬ ነበር። ግን በለቅሶሽ እንደሱ የደከመልሽ ሰው አልነበረም። ሲያልፍ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፦ «ጋሼ፣ ችግኟ ያዘች?»

«ይዛለች» እለዋለሁ።

አልነግረውም፣ አባይነሽ። ሜፕሉ በሕይወት እንደነበረ እኔና አንቺ ብቻ እንወቅ።

ባልሽ ጦና
ሶዶ፣ ሐምሌ 2003 ዓ.ም.