የሰው ውሻ በአደራ የጠበቁት የአቶ እንግዳው ገብረማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ እንግዳው ገብረማርያም ከአባታቸው ከአቶ ገብረማርያም ዋሴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ገላነሽ ማረው፣ በፎገራ ወረዳ ናበጋ በሚባለው ቀበሌ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ስለዋጠው ሰውም ከብትም በአንድ ጉብታ ላይ ተጠልሎ ነበር፤ እናታቸውም የወለዷቸው እዚያው በላሞች መካከል ነው። እርሳቸው ይህን ታሪክ በተናገሩ ቁጥር ላሞቹን እየጨመሩ ስለሄዱ ቁጥሩን ከመጻፍ ተቆጥበናል።

ፊደልና ዳዊት በጣራ ገዳም አካባቢ ከሚኖሩ አጎታቸው ዘንድ ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በወረታ ተከታተሉ። በ1971 ዓ.ም. በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥነው ሥራ ጀመሩ። በሐሙሲት፣ በአንበሳሜ፣ ኋላም እዚሁ ወረታ፣ ለአርባ ዓመታት ላም ሲከትቡ፣ በሬ ሲያክሙ፣ ምጥ የጠናባትን ጊደር ሲያዋልዱ ኖረው በ2011 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብተዋል። በዚህ ሜዳ ላይ እጃቸው ያልነካው በረት ጥቂት ነው።

በ1977 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሙናዬ ሀይለየሱስ ጋር ጋብቻ መሥርተው አቶ ሰውመሆንን እና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን መስከረምን አፍርተዋል።

ከሥራ ዘመናቸው አንድ ነገር ሲቆጫቸው ኖሯል። ገና ወጣት ሳሉ፣ ተመድበው በሠሩባት አንዲት ከተማ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይወገዱ ተባለና መርዝ የገባበት ሥጋ እንዲያድሉ ታዘዙ። አደሉ። ከበሉት አንዷ በየጠዋቱ እስከ ቢሮ በር የምትሸኛቸው ውሻ ነበረች፤ እጃቸውን ስለለመደች ሳታሸት በላች። ይህን ለባለቤታቸው የነገሩት ከተጋቡ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በቤታቸው ውሻ አሳድገው አያውቁም። እኛ ልጆቻቸው ቡችላ ይዘን በገባን ቁጥር «እኔ ውሻ ሊያምነኝ የሚገባ ሰው አይዶለሁም» እያሉ ይመልሱን ነበር። ልጆች ነበርንና ጭካኔ ይመስለን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሊያበቃ ሲል አካባቢያችን ታወከ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ጠፋ። ከአዲስ አበባ መጥታ በከተማችን የምታስተምረው ጎረቤታችንና የመስከረም ጓደኛ ሉሊት፣ መንገዱ ለአንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ልጆቿን ይዛ የምትወጣበት ሚኒባስ አገኘች። ሹፌሩ ግን ውሻ አልጭንም አለ። ሉሊት መቻል የሚባለውን ውሻዋን እየጎተተች መጥታ፣ «ጋሽ እንግዳው፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ፤ አደራ!» ብላ ገመዱን እጃቸው ላይ ጥላ ሮጠች። አቶ እንግዳው እምቢ ለማለት አፋቸውን እንደከፈቱ ሚኒባሱ ሄደ። አደራ የምትለዋን ቃል ባትጨምርበት ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር እንጃ።

ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሬውም ተሰማ። ከከተማው የሚወጣ ሠራተኛና ነጋዴ ሁሉ በአያ እንግዳው በር ማለፍ ጀመረ። አንዱ ድመት በካርቶን፣ ሌላው ውሻ በሰንሰለት እያመጣ «አደራ» ይላል። ሰው ወጥቶ በተቆለፈ ግቢ ውስጥ ታስሮ የቀረ ውሻ ሲያላዝን ከሰሙ ደግሞ፣ የቀበሌው ጥበቃ መሰላል ይዞላቸው በስድሳ አራት ዓመታቸው አጥር ይዘሉ ነበር። ሁለት ሱሪ በዚህ ተቀዷል። በድምሩ አሥራ አራት ውሾችና አምስት ድመቶች ተቀበሉ፤ የእያንዳንዱን ባለቤት ስም በቃላቸው ይይዙ ነበር።

ቀለቡን ወ/ሮ ሙናዬ አበሰሉ፤ ያጉረመረሙት እያበሰሉ ነው። ከሩዝ መፈልፈያ ቤቶች የሚወጣውን ስብርባሪ ሩዝ በትልቅ ድስት ቀቅለው፣ የሥጋ ቤት አጥንት ይጨምሩበታል። አቶ እንግዳው ድስቱ በወረደ ቁጥር በመጀመሪያ አንድ ማንኪያ ራሳቸው ይቀምሱ ነበር። እንግዶች ይስቃሉ፤ ሙናዬ ግን ምክንያቱን ያውቁ ነበርና አንድም ቀን አልሳቁም። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘጋ፤ መንገዱም ዝግ ስለነበር ከጣና የሚመጣው ዓሣ ቀረ። ያን ጾም ውሾቹም እንደኛው ጾሙ።

ከፋሲካ በኋላ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰና ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ ይገደል የሚል ወሬ በከተማው ተናፈሰ። አቶ እንግዳው ተደናግጠው፣ ባለቤት እንዳላቸው እንዲታወቅ ለውሾቹ ሁሉ በአንገታቸው ክር አሰሩላቸው። ችግሩ፣ ያገኙት ክር ወ/ሮ ሙናዬ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና የገዙት የማተብ ክር መሆኑ ነው። በማግስቱ አሥራ አራት ውሾች ማተብ አስረው በሰፈሩ ሲዞሩ ታዩ። «አያ እንግዳው ለውሻ ክርስትና አባት ሆነ» ተባለ። የሚካኤል ማኅበርተኞች ተራው የእርሳቸው ቢሆንም ጽዋውን በቤታቸው ለመጠጣት አመነቱ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ገበያው ሲገሠግሡ መጥተው፣ «አንተ እንግዳው፣ ምን ነክቶህ ነው ማተብ ለውሻ ያሰርኸው?» ቢሏቸው፣ «አባቴ፣ ክር ቢቸግረኝ ነው እንጂ ሃይማኖት ቢቸግረኝ አይዶለም» አሉ።

መምሬ ገበያው አርባ ስግደት ሰጧቸውና ወጡ። ከሰዓት በኋላ ግን የሩዝ ጆንያ የሚሰፋበት አረንጓዴ ሲባጎ ጥቅልል በብብታቸው ይዘው ተመለሱ፤ ማተቡን እየበጠሱ ሲባጎውን ያሰሩትም ሁለቱ አብረው ነው። ማኅበሩም በቀኑ በቤታቸው ተጠጣ። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ሲባጎ ያለበትን ውሻ በወረታ የነካ የለም።

መንገዱ እየተከፈተ ሲሄድ ባለቤቶቹ አንድ በአንድ መጡ። አቶ እንግዳው እንስሳውን ያስረከቡት ምስክር አቁመው፣ «አደራህን ተረከብ» እያሉ ነው። ሁለት ድመቶችና አንድ ያረጀ ውሻ ግን ሞቱባቸው፤ ለባለቤቶቹ በየቤታቸው ሄደው ለቅሶ እንደሚያረዱ ሁሉ አረዱ። በመጨረሻ የቀረው መቻል ብቻ ነበር። የሉሊት ስልክ አይሠራም፤ አድራሻዋንም የሚያውቅ ጠፋ።

አቶ እንግዳው በሰኔ 2017 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። በባሕር ዳርም ታከሙ፤ አልተሻላቸውም። ሕመሙን ችለውት ነበር፤ ያልቻሉት «አደራ ሳልመልስ ልሞት ነው» የሚለውን ሐሳብ ነው። ከባሕር ዳር የመጣውን ሁሉ ስለ መንገዱ ይጠይቁ ነበር። መስከረም የሉሊትን አዲስ ቁጥር ከቀድሞ ባልደረቦቿ አፈላልጋ አገኘች፤ ሉሊትም ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ወረታ ገባች።

መቻል አወቃት። ዘለለ፣ እጇን ላሰ፣ እስከ በር ተከተላት። ከዚያ ተመልሶ አልጋው ሥር ተኛ። አቶ እንግዳው ከአልጋቸው ሆነው «ሳቢው እንጂ! አደራሽን ተረከቢ!» ብለው ተቆጡ። ሉሊት ገመዱን ካንገቱ ፈትታ ትራሳቸው ላይ አኖረችና፣ «ጋሽ እንግዳው፣ አደራዬን ተረክቤያለሁ። አሁን ደግሞ ሰጠሁዎት፤ የእርስዎ ነው» አለች። «የኔ?» አሉ። ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ወዲያው ሰውመሆን ተጠርቶ ምስክር እንዲሆን አደረጉ። በስድሳ ስድስት ዓመታቸው የራሳቸው ውሻ ኖራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መንገዱ መጠየቅ ተዉ፤ የመጣውን ሁሉ «ውሻዬን አያችሁት?» ይሉ ነበር። እኛ ልጆቻቸው አባታችንን እንዲህ ደስ ብሏቸው አይተናቸው አናውቅም።

አቶ እንግዳው ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ በቤተሰባቸው መካከል፣ በሰላም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሙናዬን፣ ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። መቻል አስከሬኑን ተከትሎ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ደጁ ላይ ተኝቷል። ስትወጡ በድንጋይ እንዳታባርሩት ቤተሰቡ በአክብሮት ይለምናል፤ ባለቤቱን እየጠበቀ ነው።

እኛም የአባታችንን ነፍስ፣ አደራ ለማይበላው አምላክ በእናንተ ምስክርነት አስረክበናል። በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።