የጠቆረው ጫፍ

ይድረስ ለምወድዎት እማማ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ብርዱ ሲገባ እንደሚብስብዎት ስለማውቅ ሐሳቤ እዚያው ነው። እኔ ደኅና ነኝ ልበል። ላውንደሪው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ካውያ ማየት ያስጠላኛል። የሥራ ባልደረቦቼ፣ የሰው እየተኮሰች የራሷን ጨምድዳ ትሄዳለች ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ከጽጌረዳው ቆርጠው የላኩልኝ ሦስቱ ቅርንጫፎች ሥር ሰደዋል፤ ደስ ይበልዎት። ግን የከሰዓቱን ፀሐይ ሳላስብ መስኮት ላይ ትቻቸው ቅጠላቸው ተለበለበ። የአንደኛዋ ጫፍ ደግሞ ጠቆረ፤ ጥቁረቱም ወደ ታች እየወረደ ነው። ባለፈው ደብዳቤዎ፣ ልጄ በእጁ ተክሎት ከሄደው የቀረን ይህ ነውና አንዲት ቅጠል እንዳትነኪ ብለውኛል። አልነካሁም።

ቢጨንቀኝ መንገዳችን ጥግ ችግኝ የሚሸጠውን ሰውዬ ጠየቅሁት። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል፤ ከችግኝ በቀር ማንንም አክሞ አያውቅም። መጥቶ አየና፣ የተለበለበው ቅጠል ግማሹ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ሥሩን ስለሚመግብ ይቆይ፣ የጠቆረው ግንድ ግን አይድንም፣ ካልተቆረጠ ሥሩ ድረስ ይወርዳል አለኝ። ልጅዎ ከተከለው የመጣች መሆኗን ነግሬ እባክህ አንተው ቁረጥልኝ ስለው፣ የሟች እጅ ያለበትን እኔ አልቆርጥም አለና መቀሱን ትቶልኝ ሄደ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ማለት ይቻላል እየመጣ ያያቸዋል። እማማ፣ ሦስት ችግኝ ይህን ያህል ሐኪም አያሻውም፤ ይህ ደግሞ እርስዎን አያመልጥዎትም። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሻይ ሳፈላለት እንኳ የሚያመሰግነኝ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው። ባለፈው እሑድ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና አንድ ነገር ጠየቀኝ። መጀመሪያ ለእማማ ልጻፍላቸው አልኩት። እንግዲያው ስለ ጽጌረዳዋም ጻፊላቸው ብሎኝ ሄደ።

ደክሞኛል፣ እማማ። ሥራውንስ ለምጄዋለሁ። የደከመኝ የልጅዎን ኮት ከቁም ሳጥን እያወጣሁ፣ አቧራውን እያራገፍኩ፣ መልሼ መስቀል ነው። የሰው ልብስ ስተኩስ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል፤ የእሱን የሚወስድ የለም። እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። ከእሱ እጅ ከቀረው ውስጥ ግን እኔም አለሁበት። ደግሞ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል እፈራለሁ። የወለደችኝ ካረፈች ወዲህ እማማ የምለው እርስዎን ብቻ ነው።

እና ልጠይቅዎት፤ የጠቆረውን ልቁረጥ? በስልክ አይመልሱልኝ፤ ድምፅዎን ከሰማሁ ማልቀሴ አይቀርም። አንድ መስመር ይበቃኛል። አይሆንም ካሉኝ መቀሱን እመልስለታለሁ፤ ሁለተኛም አላነሳብዎትም።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ደጅዎ ያለችውን ጽጌረዳ ለብዙ ዘመን ያጠጡ።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የምዘጋው «ምራትዎ» ብዬ ነበር። ዛሬ ካልከፋዎት እንዲህ ልበል፤

ልጅዎ